ቸሩ ከጓዳ ሆኖ ሳሎኑን ሲያዝ

ቸሩ የወደቀ ቀን አሶሳ ላይ አመድ ይዘንብ ነበር። የካቲት ላይ እንዲህ ነው። ከከተማው ዙሪያ ያለው ደረቅ ሣር ይቃጠላል፣ ነፋሱ ጥቁሩን ብናኝ አንሥቶ አምጥቶ እኛ ላይ ያራግፈዋል፣ ፀሐይዋም በጭሱ ውስጥ ቀልታ ትውላለች። ሙቀቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንቋቋዋል። እኔ ጠዋት አጥቤ ያሰጣኋቸው አንሶላዎች ላይ አመዱ ሲያርፍ ቆሜ አያለሁ። ካስገባኋቸው አይደርቁም፣ ከተውኳቸው ደግሜ ማጠቤ ነው። ደግሜ ማጠቡን መርጬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ያኔ ሳሎን ውስጥ ወንበር ወደቀ፣ ከወንበሩም የሚከብድ ነገር ተከትሎ ወደቀ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ስገባ ባሌ ወለሉ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። አምስተኛውን ስፒከር ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ወንበር ላይ ወጥቶ ነበር። ስፒከሩን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎታል። አፉ ወደ ቀኝ ተጣሟል።

"ተሰበረ?" አለኝ በተሳሰረ ምላስ።

"አንተ ነህ ወይስ ስፒከሩ?"

"ስፒከሩ።"

ስፒከሩ አልተሰበረም። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። ግራ እጁና ግራ እግሩ እምቢ አሉት፣ ቀኙ ተረፈ። ምላሱ በሁለተኛው ወር ተፈታ። እሷ እንኳ ትንሽ ብትቆይ ቅር አይለኝም ነበር።

ቸሩ ሹፌር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ላንድክሩዘር ነዳ። ባምባሲና ኩርሙክ ለእሱ ጎረቤት ማለት ናቸው፤ ዓባይን ተሻግሮ ፓዌ፣ ድባጤ፣ ከዚያም አልፎ ወንበራ ደብረ ዘይት ድረስ ይወጣል። ኃላፊዎች ይሾማሉ፣ ይነሣሉ፣ እሱ መሪው ላይ ነው። በመኪናው ውስጥ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። ቴፑን ከእሱ በቀር ማንም አይነካም። ከአዲስ አበባ የመጣ ትልቅ ሰው ይሁን ፈረንጅ፣ ቸሩ ያስገባውን ካሴት ሰምቶ ይወርዳል።

አንድ ጊዜ አንድ አዲስ ኃላፊ እጁን ዘርግቶ ድምፁን ቀነሰው። ቸሩ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ዛፍ ሥር ሄዶ ተቀመጠ።

"ምን ሆነ?" አለው ኃላፊው በመስኮት።

"ሞተሩ ሞቋል" አለ ቸሩ።

ሞተሩ ለአንድ ሰዓት ያህል ሞቀ። ኃላፊውም አብሮ ሞቀ። ከዚያ ወዲያ ቴፑን የነካ የለም። ይህን ታሪክ ከእሱ አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አላውቅም፤ ባውቅ ኖሮ ያን ያህል ዓመት አብሬው አልኖርም ነበር።

የመተከል መንገድ ሲበላሽ፣ ድባጤ ላይ ምሳ የሚያበሉት ሰዎች ቤታቸው ሲቃጠል መንዳት አስጠላው። ስለዚያ አያወራም፣ እኔም አልጠይቀውም። ጡረታ ወጣና ከሱዳን በኩርሙክ በኩል የገባ ሆም ቴአትር ገዛ። አንድ ጥቁር ማሽን፣ አምስት ስፒከር፣ በግ የሚያህል ቤዝ። ለሁለት ሳምንት ሜትር ይዞ ሳሎኑን ለካ። የእኔ ቡፌ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ሄደ፣ ሶፋው ዞረ፣ አንድ ባለመደገፊያ ወንበር መሃል ላይ ተተከለ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ድምፁ ከአምስት አቅጣጫ ይመጣለታል አለኝ። አራቱን ሰቀለ። በአምስተኛው ወደቀ። ወንበሩ ላይ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀመጥ ጓዳ ገባ፤ አምስተኛውን በኋላ ሌላ ሰው ሰቀለው።

የታመመ መጠየቅ ግዴታ ነውና ሰው ይመጣል። መጀመሪያ ጓዳ ይገባል። "እግዜር ይማርህ" ይላል፣ "ደህና ሆነህ አየሁህ" ይላል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል። ይህ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ ሻይ ለመጠጣት ሳሎን ይወጣል፤ ሳሎን ደግሞ አምስት ስፒከር አለ። ወሩ እየገፋ በሽታው አረጀ፣ ጠያቂው ግን አልቀነሰም፣ የእንግሊዝ ኳስ ስላላለቀ። የነፍስ አባቱ እንኳ ቅዳሜ ከመጡ ጸሎቱን ያሳጥሩታል። ኳስ እንደሚወዱ ያወቅሁት ቸሩ ከታመመ በኋላ ነው።

የመሃሉን ወንበር የያዘው ጃለታ ነበር። የባምባሲ ልጅ ነው፣ እሱም ሹፌር፣ መንዳት ያስተማረውም ቸሩ ነው። ሰውነቱ ሰፊ፣ ድምፁ ከቤዙ ጋር የሚወዳደር። ከጎኑ እዩኤል ይቀመጣል፤ ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ከሐዋሳ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር። ሌሎቹ የእድር ሰዎች ናቸው፣ ይለዋወጣሉ።

ቸሩ ከጓዳ ይጮኻል። "ብርሃነሽ፣ ቀንሺው።" እቀንሰዋለሁ። "ብርሃነሽ፣ ምን ሆነ? ማን አገባ?" ሄጄ ጠይቄ እነግረዋለሁ። "ብርሃነሽ፣ ያን ጣቢያ ቀይሪልኝ፣ ዜናውን ልስማ።" ስቀይረው ሳሎኑ በሙሉ ያየኛል፣ እመልሰዋለሁ። የቤቱ ሪሞት እኔ ነበርኩ። ባትሪዬን ግን የሚቀይር አልነበረም።

"ቴሌቪዥኑን ጓዳ እናስገባልህ" አልኩት።

"አምስት ስፒከር ጓዳ የት ይሰቀላል? ደግሞስ ማን ሊሰማው?"

"እንግዲያው አልጋህን ሳሎን እናውጣው።"

"ሰው ፊት ልታጥቢኝ ነው?"

በዚህ ላይ መስከረም ሲጠባ እህቱ አስረሳሽ ከፓዌ መጣች። ለአንድ ሳምንት ልታስታምም ነው የመጣችው፤ እስከ ታኅሣሥ ቆይታለች። ማስታመሟ ዳንቴል መሥራት ነው። ቤዙን ዳንቴል አለበሰችው፣ ማሽኑን አለበሰችው፣ ፍሪጁን አለበሰችው። እኔም ለረጅም ጊዜ ካልተንቀሳቀስኩ የምታለብሰኝ ይመስለኛል።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ እኔ ጓሮ ነበርኩ። ሳሎን ውስጥ ጎል ገባ መሰለኝ፣ ቤቱ ተናወጠ። ተመልሼ ጓዳ ስገባ የውሃ ብርጭቆው ወለል ላይ ነው፣ አንሶላው ርሷል። ውሃ ፈልጎ ደጋግሞ ተጣርቷል፣ በራሱ ስፒከሮች ጩኸት ውስጥ የሰማው የለም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

"በዚህ ቤት ውስጥ የማዘው አንድ ነገር እንኳ አልቀረም" አለ።

ከዚያ ሦስት ቀን በየማዕዱ ሁለት ጉርሻ ብቻ በላ። ሐኪሙ ያዘዘውን የጣት እንቅስቃሴም ተወው። የቀኝ እጁ እንዳይደክም በየሰዓቱ ጨብጥ፣ ዘርጋ ብሎት ነበር። አልጨበጠም፣ አልዘረጋም። በአራተኛው ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ማህጁብ ዘንድ ሄድኩ።

ማህጁብ ገበያው አጠገብ ሱቅ ያለው የዲሽ ሠራተኛ ነው፤ አምስተኛውን ስፒከር የሰቀለውም እሱ ነው። ከበርታ ብሔረሰብ ነው፣ የመንጌ ሰው። አማርኛው ላይ ሴት የሚባል ነገር የለም፤ ለእሱ ሁላችንም ወንዶች ነን።

"ምን ተበላሸብህ፣ ብርሃነሽ?" አለኝ።

"ባሌ።"

"እሱን እኔ አልሠራም።"

ነገሩን ነገርኩት። ዲሽ የሚያዞርበትን ቁልፍ ይዞ ተከተለኝ። መጀመሪያ ሪሞቱ ለምን ከጓዳ እንደማይሠራ አሳየኝ። የስልኩን ካሜራ ከፍቶ ሪሞቱን ሲጫነው ጫፏ ላይ ሐምራዊ ብርሃን ብልጭ አለ፤ በባዶ ዓይን አይታይም። ይህ ብርሃን ግድግዳ አይበሳም አለኝ። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ስላቆምኩ የማይታይ ብርሃን ላይ አልደረስኩም ነበር፣ ግን ገባኝ። እኔም በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ሳልታይ እበራለሁ።

ቸሩ ከአልጋው ይሰማ ኖሮ "ብርሃን ከሆነማ በመስታወት ይመለሳል" አለ። ሁለታችንም ዞር አልን። ከአራት ቀን ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ረጅም ነገር ነው። "ስፖኪዮዬን አምጪው።"

ስፖኪዮው ከላንድክሩዘሩ ላይ የተነሣ የጎን መስታወት ነው። ጡረታ ሲወጣ ሌላ ሰው ሰዓት ይሸለማል፣ እሱ ስፖኪዮ ፈትቶ መጣ። ማህጁብ ከጓዳው በር ትይዩ ባለው የሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለው፣ አጋደለው፣ እንደገና አጋደለው። ቸሩ ከአልጋው "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ በቃ" እያለ እንደ መኪና ወደ ኋላ አስጠጋው። ሪሞቱን ወደ ስፖኪዮው ሲጫን ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ በራ። ቸሩ የዚያን ቀን እራቱን ጨረሰ።

ሆኖም በመስታወት የሚያይ ሰው ይታያልም። ይህን ሁለታችንም አላሰብነውም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በስፖኪዮ ያየው ሰውዬም አላሰበውም። እሑድ ጠዋት የእድር ሴቶች ሳሎን ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ቸሩን አጥበው ነበር። ወሬው በድንገት ተቋረጠ። ቀና ብዬ ሳይ ስድስት ሴቶች ስፖኪዮው ውስጥ ተደርድረዋል። አንዷ እንኳ ዓይኗን አልሰበረችም። አስረሳሽ ነጠላዋን አውልቃ ስፖኪዮው ላይ ወረወረች፤ የስፖኪዮው ነገር በዚያ አበቃ።

ማህጁብ ሰኞ ዕለት ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ይዞ መጣ። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ይበልጣሉ። አንዷ ከአልጋው አጠገብ ሆና ሪሞቱን ትሰማለች፣ የሰማችውንም ያለ ሽቦ ግድግዳውን አሳልፋ ሳሎን ላለችው ትልካለች፣ የሳሎኗ ደግሞ ለማሽኑ ትናገራለች። ማህጁብ አንዱን ሪሞት ቴሌቪዥኑንም ማሽኑንም እንዲያዝ አድርጎ አስተካክሎታል።

ዋናው ሥራ ቦታ መምረጡ ነበር። የጓዳዋን ሳጥን እግርጌ ብናደርጋት ብርድ ልብሱ ጋረዳት። ራስጌ ብናደርጋት ቸሩ አንገቱን ማዞር አልቻለም። በቀኝ እጁ በኩል ያለው መስኮት ደፍ ላይ ስናስቀምጣት ሁሉም ገጠመ፤ ሶኬቱም እዚያው ነው፣ ሌላ ሶኬት በጓዳ የለም። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው፣ ቸሩ መንገዱን የሚያይበት። መጋረጃ እንኳ አያስጋርድም። የሳሎኗን ማህጁብ ቡፌው ላይ፣ ከማሽኑ ፊት ለፊት አደረጋት። ማሽኑ ግን ዳንቴሉን እስከ አፉ ለብሶ ተቀምጧል።

"እሱን ዳንቴል አንሣ" አላት ማህጁብ አስረሳሽን።

"ራቁቱን ላስቀምጠው?"

"ዓይኑን ብቻ ግለጥ።"

"ይሄን የመሰለ ማሽን ለሰው ዓይን አጋልጬ?"

"ሰው ዓይን ምንም አያደርግም። እሱ ግን ካላየ አይሠራም፣ ወላሂ።"

አስረሳሽ ዳንቴሉን እንደ ሻሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። ሠራ። ሳምንቱን ሰማዩ እንደደመነ ነበር፤ ቸሩ ያን ቀን ሙሉ ድምፁን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ዋለ። ማታ ላይ እኔን መጥሪያ አደረገው፤ ድምፁ ሁለት ጊዜ ከፍ ካለ ውሃ ነው፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ የሽንት ነው። ዜና አንባቢው ስለ ዓለም ጉዳይ ሲናገር ድንገት ሦስት ጊዜ ይጮኻል፣ እኔ ዕቃውን ይዤ እሮጣለሁ። እረፍት ይሆነኛል ብዬ ያመጣሁት ነገር ይህን ወለደልኝ።

ቅዳሜ ደመናው ተገለጠ። ከምሳ በኋላ ቸሩ ጠራኝ። "ዛሬ ጨዋታው መሃል ላይ አጠፋዋለሁ" አለኝ።

"ለምን?"

"እንዲያውቁ።"

"ምን እንዲያውቁ?"

"እንዳለሁ።"

ይህን ሲል አልቀለደም። ጢሙን እንድላጨው አስቀድሞ ጠይቆኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጀመረ። ጃለታ መሃል ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። እኔ የጓዳው በር ላይ ቆምኩ። ቸሩ ሪሞቱን አነሣ፣ ወደ ሳጥኗ ጠቆመ፣ ተጫነ። ሳሎን ውስጥ ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ። ደግሞ። ሳጥኗ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብቻ ያለ ማቋረጥ ትርገበገባለች። በአውራ ጣቱ፣ ቀጥሎ በሌባ ጣቱ ሞከረ። በመጨረሻ ሪሞቱን ብርድ ልብሱ ላይ ለቀቀና እጁን አየ።

"ቀኙም ሄደ" አለ።

"ባትሪው ይሆናል።"

"ባትሪውማ ትናንት ነው የገባው። ቀኙ ነው።"

ሳሎን ውስጥ ጎል ገባ። ጃለታ ጮኸ። ቸሩ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ማህጁብ እሑድ ጠዋት መጣ፣ ተጫነው፣ ይሠራል። ቸሩንም አስጫነው፣ ይሠራል። ሰኞ ጠዋት መጣ፣ ይሠራል። ከሰዓት በኋላ እሱ ሲሄድ ደግሞ አይሠራም። ቸሩ የራሱን መልስ አግኝቶ ነበር። "ጠዋት ጠዋት ጉልበት አለኝ፣ ከሰዓት በኋላ እጄ ይሞታል" አለኝ። ሲናገር እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ነው፣ ሐዘን እንኳ የለበትም። እራቱን አልነካም። አስረሳሽ ማሽኑ በዓይን ተበልቷል ብላ ዳንቴሉን መለሰችበት፣ እኔ ገለጥኩት፣ መለሰችው፣ ገለጥኩት።

ማክሰኞ ማህጁብ የቀትር ሶላቱን ሰግዶ መጣና ጓዳ ውስጥ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ማንጎ ልጬ ሰጠሁት። ምንም አይሠራም፣ ሳጥኗን ብቻ ያያል። ቸሩም እሱን ያያል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከጎረቤቱ ጣሪያ ወርዳ በመስኮቱ ገባች፣ ደፉ ላይ ወጣች፣ ሳጥኗ ላይ ደረሰች። ማንም ሪሞት አልነካም። ቀይዋ መብራት መርገብገብ ጀመረች።

ማህጁብ መዳፉን በሳጥኗና በመስኮቱ መካከል አደረገ። መብራቷ አቆመች። መዳፉን አነሣ። ጀመረች።

"ፀሐይ ነው" አለ። "ሪሞት መሰለው። ፀሐይ እየጮኸ የአንተን እንዴት ይስማ?"

"እጄ አይደለም?" አለ ቸሩ።

"እጅህ ደህና ነው፣ ጋሼ።"

ቸሩ ቀኝ እጁን ጨበጠ፣ ዘረጋ። ደግሞ ጨበጠ። አልቆመም፣ አሥር ጊዜ ያህል እንዲህ አደረገ። እኔ የማንጎውን ልጣጭ ለመጣል ወጣሁ፤ እዚያ ቆሜ የማየው ነገር አልነበረም።

ሳጥኗን ማንሣት አይቻልም፣ ሶኬቱ እዚያ ነው። መጋረጃ ሲባል ቸሩ አይሰማም። ማህጁብ አስቦ አስቦ ሄደና በማግስቱ የተቆረጠ ቅል ይዞ መጣ። አጎቱ ዋዛ ነፊ ነው፤ ዋዛ በርታዎች ቅልን በቅል እየቀጠሉ ለሠርግና ለበዓል የሚነፉት ረጅም መለከት ነው። ከአጎቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ዋዛ ላይ ሰፊውን አፉን ቆርጦ ነው ያመጣው። ሳጥኗን ውስጡ አስገባት፣ የቅሉን ጀርባ ለመስኮቱ ሰጠ፣ አፉን ወደ ቸሩ አዞረ። ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ፣ ፀሐይዋ መጣች፣ ቅሉን አሞቀችው፣ መብራቷ ጸጥ እንዳለች ቀረች። ቸሩ ተጫነ። ሳሎኑ ታዘዘ።

"አጎትህ አልተቆጣም?" አልኩት ማህጁብን።

"ጠየቀኝ፣ ለምንድን ነው አለ። ለአንድ ሹፌር ነው፣ ድምፅ ማዘዝ ይፈልጋል አልኩት። ያው ዋዛ ነው እንግዲህ፣ ውሰድ አለ።"

ቅዳሜ መጣ። ቸሩን ላጨሁት። ጃለታ፣ እዩኤልና ሁለት የእድር ሰዎች ሳሎን ናቸው። ሃያኛው ደቂቃ ላይ አንዱ ቡድን የማዕዘን ምት አገኘ፣ ጃለታ ከወንበሩ ተነሣ። ቸሩ እኔን አየኝና ተጫነ።

ቴሌቪዥኑ ጠፋ። አምስቱ ስፒከሮች ጠፉ። ቤዙ ጠፋ። ከገዛነው ጀምሮ ቤቱ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

"መብራት ሄደ" አለ ጃለታ።

አራቱም አንድ ላይ ተነፈሱ። የተናደደ የለም፣ የገረመው የለም፣ ማሽኑ አጠገብ የሄደ የለም። ጃለታ ቁጭ አለ። አንደኛው የእድር ሰው ግድቡ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ሆኖ መብራቱ በላያችን ዘሎ ይሄዳል አለ። እዩኤል ስለ ማስተላለፊያ መስመርና ስለ ማከፋፈያ ጣቢያ ያስረዳ ጀመር። ከጎኑ የዲኮደሩ መብራት ቀልታ ታየዋለች።

ጓዳ ውስጥ ቸሩ ሪሞቱን እንደያዘ ነው። ፊቱ ቀስ እያለ ወረደ።

"መብራት ነው ያሉት?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አዎ።"

"እኔ ነኝ በያቸው።"

ልነግራቸው ዞርኩ። ጃለታ በሩ ላይ ደርሷል። "ጋሼ ቸሩ፣ መብራቱ ሄደብን" አለ። "እስኪመጣ አንተ ጋ ልቀመጥ እንጂ፣ ምን አደርጋለሁ።" አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ አልጋው አጎነበሰ። እዩኤል ተከትሎ ገባ፣ በርጩማውን ያዘ። የእድር ሰዎችም ገቡ። አራት ደቂቃው አለፈ፣ የሚነሣ የለም፣ መሄጃ የላቸውም።

ቸሩ አየኝ። ሪሞቱን ከብርድ ልብሱ ሥር አስገባ።

"አይ ይሄ መብራት" አለ።

እዩኤል እግር በሚያስቀምጥበት እየተቸገረ "ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ቦታ ነድተዋል አሉ" አለው። ሌላ የሚፈልገው አልነበረም። ቸሩ ከኩርሙክ ተነሣ፣ ወንዝ ተሻገረ፣ ሁለት ጎማ ፈነዳበት፣ ወንበራ ደብረ ዘይት ላይ አንድ ዳኛን ጭቃ ውስጥ መኪና አስገፋ። ቀጥሎ የቴፑን ነገር አመጣ። ኃላፊው እጁን ሲዘረጋ፣ እሱ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ ዛፉ ሥር ሲቀመጥ። "ሞተሩ ሞቋል አልኳቸው" ሲል አራቱም ሳቁ። ጃለታ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ቸሩ ከእነሱ የበለጠ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ። የሚስቁት በምን እንደሆነ ያወቅን ሁለታችን ብቻ ነበርን። ያን ታሪክ ሰምቼ የሳቅሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲሆን ጃለታ "ስንት ለስንት ሆነው ይሆን?" አለና ተከዘ። ቸሩን አሳዘነው መሰለኝ። ብርድ ልብሱ ሥር እጁ ተንቀሳቀሰ፣ ሪሞቱም አፉን አወጣ። ሳሎኑ ከአምስት አቅጣጫ ጮኸ።

"መጣ" አሉ ሁሉም አንድ ላይ፤ ቸሩ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ግማሹ ላይ ጥለውት ወጡ። ይከፋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ትራሱን እንዳስተካክልለት ጠየቀኝ።

"ሲያስፈልጉኝ አጠፋቸዋለሁ" አለ።

በሚቀጥለውም ቅዳሜ መብራት ሄደ። በሚከተለውም። እኔ እየተቀመጥኩ "ምን ይሻላል ይሄ መብራት" ማለት ተማርኩ። አስረሳሽ አንድ ቀን በዚያ መሃል ውሃ ልታመጣ ፍሪጁን ከፈተች፣ የውስጡ አምፖል ፊቷ ላይ ቦግ አለ። ፍሪጁን ዘጋችው። ከፈተችው። ዘጋችው። ወደ ጓዳው አየች፣ ወደ እኔ አየች።

"እዚህ አሶሳ መብራቱ እየመረጠ ነው እንዴ የሚሄደው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ዳንቴሏን አነሣች። በሳምንቱ ቅሉን የሚያህል ሠርታ አለበሰችው፤ አፉን ግን ክፍት ተወችው። ከዚያ ወደ ፓዌ ተሳፈረች።

ጃለታ መቼ እንዳወቀ አላውቅም። በጥር አንድ ቅዳሜ ሊሄድ ሲነሣ ጓዳው በር ላይ ቆመ፣ ኮፍያውን አደረገ።

"ጋሼ" አለ፣ "ይሄ መብራት በእረፍት ሰዓት ቢሄድ እኮ ጥሩ ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ አለ። ሃያም ይሆናል።"

ቸሩ ጣሪያውን አየ። "መብራት ኃይል ያውቃል" አለ። "እኔ ምን አውቃለሁ።"

"እንዲያው ብታነጋግራቸው።"

"እሞክራለሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት የሚሄደው በእረፍት ሰዓት ነው። ፊሽካው ሲነፋ ቸሩ ይጫናል፣ አንዱ "ሄደ" ይላል፣ ሁሉም ተነሥተው ጓዳ ይገባሉ። ቀድሞ ለሁሉም የሚበቃ መቀመጫ ስላልነበረ ጃለታ ከቤቱ አግዳሚ ወንበር አምጥቶ አስቀምጧል። እኔ በእነዚያ ደቂቃዎች ሳሎን መሃሉ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከአምስት አቅጣጫ ምንም አይመጣም። ደስ ይላል።

ቸሩ አሁን ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው። አሶሳ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ቤታችን ጓዳ ውስጥ፣ በምዕራብ መስኮት ሥር ባለው አልጋ ላይ ነው ያለው። ግራ እጁ አልተመለሰም። ሪሞቱ በቀኝ እጁ ነው።